አምስት ቁጥር ዳገቱ ላይ

ከተጋጨ የጭነት መኪና የተነቀለ ኮምፒውተር ቁርስ ጠረጴዛው ላይ፣ በስኳር ዕቃውና በሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል፣ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፎለት ተቀምጦ ነበር። መጠኑ የአንድ ወፍራም መጽሐፍ ያህል ነው፤ ከጎኑ የወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች የቤቱ ልጅ ከምትለማመድበት ላፕቶፕ ጋር ተያይዘዋል፤ ላፕቶፑ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ደህና የሚሠራውን ብቸኛ ሶኬት ይዟል። ባለጋራዡ ፊቱን ታጥቦ ወደ ሳሎን ሲገባ ይህን አየና ቆመ። ሠላሳ ዓመት ከመኪና ጋር ሲታገል ኖሯል፤ ግን አንድም ቀን የመኪና ዕቃ ይዞ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ሚስቱ ቱታውን እንኳ ከደጅ ነበር የምታስወልቀው። አሁን ያቺው ሚስት ለመኪና ዕቃ ፎጣ አንጥፋለች። «ለኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተነጠፈ ፎጣ» አለ በሆዱ፤ ወንበር ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ከወጥ ቤት የልጁን ድምፅ ሰማ።

«ዛሬ ካልሆነ በቃኝ፣ እማዬ። ከነገ ጀምሮ አክስቴ ሱቅ እገባለሁ። መጋረጃ ስትሸጪ ቢያንስ የሚስቅብሽ የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው? አባትሽ እኮ ይኮራብሻል።»

«በኔ? ደንበኛ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹እሷን ተዋት፣ ላፕቶፗን ይዛ ትጫወታለች› ነው የሚለው። ሰውየው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬ ሳቅሁ።»

ባለጋራዡ እጁ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ማስተባበል አይችልም፤ ብሎታል። አንዴም ሁለቴም አይደለም። ደንበኛ መጥቶ ልጅቷን መሪ ሥር ላፕቶፕ ታቅፋ ሲያያት፣ ሰውየው ግራ እንዳይገባው ብሎ፣ ለጨዋታ ብሎ፣ ይላታል። እሷም ትስቃለች። ስትስቅ እያየ ነገሩ ሆዷ ይገባል ብሎ አስቦ አያውቅም። አሁን ግን የእሱኑ ሆድ ገብቶ ቁጭ አለ። ጉሮሮውን ጠራረገና ወንበሩን ድምፅ እስኪያወጣ ሳበው፤ የወጥ ቤቱ ወሬ ተቋረጠ። እናትና ልጅ ዳቦና እንቁላል ይዘው ወጡ። ሦስቱም በኮምፒውተሩ ዙሪያ ተቀምጠው በሉ። ሚስቱ «ሻዩ ቀዘቀዘ እንዴ?» አለች፤ እሱ «ደህና ነው» አለ።

ባለጋራዡን የአካባቢው መካኒኮች ጋሽ ፋሻ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሽቦ አጠቃለሉ ነው። ሌላው መካኒክ የተቆረጠ ሽቦ በፕላስተር ጠምዝዞ ጫፉን አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ እሱ ግን ጥቁሩን የጨርቅ ፕላስተር ከመሐል ይጀምርና፣ ግማሽ በግማሽ እያደራረበ ሄዶ፣ ጫፉን ከራሱ ሥር ይቀብረዋል። ያን ሽቦ ያየ ሰው ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ ይውጣ ወይም የጋሽ ፋሻ እጅ ይሁን መለየት አይችልም። ጠዋት ጋራዡን ሲከፍት፣ ከብሎኬት የተሠራችውን ቢሮውን፣ ዘይት የጠጣውን ወለል፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉትን መፍቻዎች አንድ ጊዜ ቃኘት ያደርጋል፤ ከሁሉም የሚኮራው ግን በእጁ ነው። ጉልበት መጨመሪያ ሳጥን የሚገጥመውም በዚሁ እጅ ነው።

ሳጥኗ የክብሪት ቤት ሁለት እጥፍ ብትሆን ነው። በናፍጣ ሞተሩ የግፊት ሴንሰርና በመኪናው ኮምፒውተር መካከል ትሰካለች። ሴንሰሩ የነዳጁ ግፊት ይህን ያህል ደርሷል ብሎ ሲናገር፣ ሳጥኗ መሐል ገብታ ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ ኮምፒውተሩም አነሰ ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ መኪናው ይጎለብታል። በአሥር ደቂቃ ትሰካለች፣ በሁለት ደቂቃ ትነቀላለች፤ ዋጋዋም የአንድ ደህና ጎማ ነው። ልጅቷ የምትሠራው ሌላ ነው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት በኩል ኮምፒውተሩ ውስጥ ትገባለች፤ የፋብሪካውን ፕሮግራም አንብባ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ግፊቱን፣ የነዳጁን መጠን፣ አየሩን፣ አንዱን ከአንዱ እያመዛዘነች ታስተካክልና መልሳ ትጽፍበታለች። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ዋጋው ሦስት ጎማ ነው። አባትና ልጅ በዚህ ነገር መጨቃጨቅ ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ሳጥንህ ኮምፒውተሩን ትዋሸዋለች» ትለዋለች።

«ትዋሸው። መኪናው ዳገቱን ወጣ አይደል? ባለቤቱ መኪናውን ሲሸጥ ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካታል። ዋስትና ያለው መኪና ወደ አስመጪው ሲሄድ ነቅሎ ይልከዋል። ማን አየ፣ ማን ሰማ? ያንቺ ግን አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ።»

«ኦሪጅናሉ እኔ ጋ አለ፣ ሲያስፈልግ እመልሰዋለሁ። ደግሞ እኔ የምጽፈው ሞተሩን አይቼ ነው። የአንተ ሳጥን የትኛው ሞተር ላይ እንዳለች እንኳ አታውቅም፤ ለሁሉም ያው አንድ ውሸት ነው የምታወራው።»

ጭቅጭቁን ዛሬ ዳገት ሊዳኘው ነው። የታሸገ ውሃ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ስድስት አነስተኛ የጭነት መኪኖች አሉት፤ ስድስቱም ውሃ ተጭነው ዳገት ሲያዩ ወገባቸው ይቆረጣል፤ አምስት ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ይሻላል ይባላል፣ ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። የድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ቃሏ አጭር፣ ሰዓቷ ትክክል የሆነች ሴት ናት። ሁለቱንም ካዳመጠች በኋላ፣ አንዱ ላይ ሳጥን ተገጥሞ፣ አንዱ ላይ ፕሮግራም ተሠርቶ፣ እኩል ተጭነው ይውጡ፤ የተሻለው ለስድስቱም ይሠራል አለች። ሦስት ቁጥር ለአባት፣ አምስት ቁጥር ለልጅ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት «አባዬ፣ አምስት ቁጥር ላይ ሳጥን ተሰክቶበት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችው። «አምስት ቁጥር? ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አላት ቀና እንኳ ሳይል። እሷም የጋራዡን መዝገብ ገልጣ አየች፤ በአምስት ቁጥር ስር ስለ ሳጥን የተጻፈ አንድም ነገር የለም። አመነችው፤ አባቷ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም መኪኖች ድልድዩ ሥር ቆመው ነበር። ከድልድዩ እስከ ላይኛው የውሃ ታንከር ያለው መንገድ አራት ጠመዝማዛ አለው፤ ሁለተኛው ላይ የማያቃስት መኪና የለም። እያንዳንዳቸው መቶ ሃያ እሽግ ውሃ ተጭነዋል፤ ኃላፊዋ ራሷ ቆማ ቆጥራለች። መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ወጣ። ኃላፊዋ ጋቢና ውስጥ ሆና በስልኳ ሰዓት ያዘች፤ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ታንከሩ ጋ ደረሰ። ትንሽ ጭሷል፣ ሙቀቱም ከፍ ብሏል፣ ግን ወጥቷል፤ ሾፌሩ ተመልሶ ሲወርድ «ኧረ ይነጥቃል!» እያለ በመስኮት ይጮህ ነበር። ጋሽ ፋሻ ደረቱን ሊነፋ ሲል የጠዋቱ የወጥ ቤት ወሬ ትዝ አለውና ደስታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ እንድትሸነፍ አይፈልግም። ሳጥኗም እንድትሸነፍ አይፈልግም። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሁለት የማይሆኑ ነገሮችን አንድ ላይ ሲመኝ ራሱን ያዘውና አፈረ።

አምስት ቁጥር ተራው ደረሰ። ልጅቷ ላፕቶፗን ከመሪው ሥር ሰክታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ ኃላፊዋና ጋሽ ፋሻ በድርጅቱ ትንሽ መኪና ከኋላ ተከተሉ። አምስት ቁጥር ጭስ የሚባል ሳያሳይ ተነሳ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሌላ ጊዜ ማርሽ የሚወርድበት ቦታ ላይ ሳይወርድ አለፈ። ኃላፊዋ መሪ እንደያዘች «ጥሩ ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ ሲዞሩ ፀሐይ የአምስት ቁጥርን የኋላ በር መታው፤ ጋሽ ፋሻም የበሩን መቀርቀሪያ አየ። በወፍራሙ ተበይዷል፤ ብየዳው ሦስት ቦታ ላይ አበጥ አበጥ ብሏል። የራሱ ብየዳ ነው፤ የትም ቢያየው አይስተውም። መቼ ነበር የበየድኩት ብሎ ማሰብ ጀመረ። መኪናው ያን ጊዜ ነጭ ነበር። ድርጅቱ አምና ሁሉንም ሰማያዊ ሲያስቀባ፣ የተሸጡትን ሰርዞ፣ ቁጥራቸውን ከአንድ ጀምሮ እንደ አዲስ ሰጥቷቸዋል። ይህ መኪና ነጭ ሳለ ስምንት ቁጥር ነበር። ስምንት ቁጥር!

ከሦስት ዓመት በፊት ስምንት ቁጥር ዳገት አልወጣ ብሎ መጥቶ ነበር። ነዳጅ የሚረጩለት ኢንጀክተሮች ተፈተው መጽዳት አለባቸው፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ መኪናውን ለማግሥቱ ጠዋት ይፈልገዋል። ጋሽ ፋሻ «ለሳምንት ብቻ» ብሎ አንዲት ሳጥን ሰካ። ጥያቄ እንዳይመጣ ከመኪናው ሽቦ ጋር አብሮ ጠቀለላትና ጫፉን ቀበረው። የሥራ ወረቀቱ ላይ ‹ኢንጀክተሮች ተፈተው ጸድተዋል› ብሎ ጻፈና ፈረመ። መኪናው ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣው። የዚያን ጊዜው ሾፌር «እጅዎ መድኃኒት ነው» አለው፤ በወሩ የድርጅቱ መኪኖች በሙሉ ወደ እሱ ጋራዥ ዞሩ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ኢንጀክተሮቹም አምና መኪናው ክፍለ ሀገር ሄዶ ሳለ በሌላ ጋራዥ በአዲስ ተቀይረዋል፤ ሳጥኗ ግን እዚያው ቀርታለች። አሁን ልጁ ግፊቱ ይጨመር ብላ ጽፋለች፤ ሳጥኗ ደግሞ አልተጨመረም እያለች በላዩ ታስጨምራለች። ሞተሩ የሁለት አዛዥ ትእዛዝ አንድ ላይ ደርሶታል ማለት ነው።

አፉን ከፍቶ «አቁሙት» ለማለት ጊዜ ነበረው። አጭር ቢሆንም ነበረው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ከአምስት ቁጥር ጭራ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ፤ መኪናው ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከድቶት እየተንፏቀቀ ሄዶ ዳር ያዘ። ሲደርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል፤ ሾፌሩ ሁለት እጁን መሪው ላይ ጥሎ ወደ ፊት ያያል። ልጅቷ ፊቷ ዐመድ መስሏል። «አይገባኝም» አለች፤ የምታናግረው አባቷን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር። «ግፊቱ ልክ ነው። የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ። እዩት፣ ልክ ነው እኮ።» ጋሽ ፋሻ ስክሪኑን አየ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ሳጥኗ ስለምትዋሽ መሆኑን በዚያ ዳገት ላይ ከቆሙት ሰዎች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለች ኃላፊዋ ወደ ትንሿ መኪና ሲመለሱ። «ስድስቱም ላይ የእርስዎን ሳጥን ይግጠሙልን። ከሰዓት ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። ልጅዎም አትዘን፤ እርስዎ ራስዎ ትጫወታለች ሲሉ ነበር እኮ።»

ከራሱ አፍ የወጣው ቃል በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ ያስጠላል ብሎ አላሰበም ነበር። ቢሆንም እስከ ጋራዡ ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ቢናገር ምን እንደሚሆን መንገዱን ሙሉ አሰላ፤ የፈረመበት ወረቀት የድርጅቱ ፋይል ውስጥ አለ፤ ከስምንት ቁጥር ወዲህ ያለው ስሙ በሙሉ በዚያች ወረቀት ላይ የቆመ ነው። ደግሞ ሌላ መንገድ ታየው። ሳጥኗን ዝም ብሎ ቢነቅላትስ? ልጁ ድጋሚ ትሞክራለች፣ መኪናው ይወጣል፣ እሷም አትሄድም፣ እሱም አይዋረድም። ሁሉም ሰው ደህና ሆኖ ይገባል። ይህን ሲያስብ ቀለል አለውና እንዲያውም ትንሽ ተነቃቃ።

ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ቁጥር እየተንፏቀቀ ተመልሶ ጋራዡ መሐል ቆሞ፣ ሾፌሩ ሊበላ ሄዶ፣ ልጅቷ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። ጋሽ ፋሻ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ከሞተሩ ጀርባ ሰደደ። ዐይኑ ምንም አላየም፤ ጣቱ ነው ያገኛት። የሽቦው ጥቅል አንድ ቦታ ላይ ወፈር ይላል፤ ሌላ መካኒክ ሺህ ጊዜ ቢዳስሰው አይጠረጥርም። በምላጭ ፕላስተሩን ቀደደ፣ ሳጥኗን ነቀለ፣ ሴንሰሩን በቀጥታ ወደ ቦታው ሰካና የተቀደደውን እንደ አመሉ ጠቀለለው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሳጥኗን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተና፣ ማንም ባያየውም፣ ያው ግራ ቀኙን ተመለከተ።

ቢሮው ውስጥ ልጅቷ ገመዶቿን አንድ በአንድ እየጠቀለለች ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ ሳንድዊች አለ።

«እስቲ ተነሽ፣ አንዴ እንሞክረው» አላት የማያውቅ መስሎ። «ናፍጣው ቆሻሻ ይሆናል። ይሄ የማደያ ናፍጣ ምኑ ይታመናል?»

«ናፍጣው አይደለም፣ አባዬ።» ቀና አላለችም። «እኔ ነኝ። ቁጥሩን አየሁት፣ ልክ ነው አልኩ፤ ልክ አልነበረም። ሁለት ዓመት የተማርኩት እሱን ማንበብ ነው። ማንበብ ካልቻልኩ በሰው መኪና ላይ እጄን ማሳረፍ የለብኝም። ኦሪጅናሉን ልመልስለትና ልሂድ።»

ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነው፤ ነገሩን አስባ የጨረሰች ሰው ድምፅ ነው። አሁን አምስት ቁጥር ዳገቱን ቢወጣም ለምን እንደወጣ አታውቅም፤ ዕድሜ ልኳን አንድ ቁጥር ባየች ቁጥር ዛሬን ታስባለች። የሚያስቀራት መስሎት የነበረው ነገር እሷን ባዶዋን የሚያስቀር መሆኑ አሁን ገባው። እጁን ኪሱ ከተተ፤ ሳጥኗን አውጥቶ ከሳንድዊቹ ጎን አስቀመጣት። የጥቁሩ ፕላስተር ቁራጭ አሁንም እላይዋ ላይ ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከአምስት ቁጥር ነው የነቀልኩት። አሁን። ስምንት ቁጥር ሲባል ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመቱ። አንቺ ልክ ነሽ። ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበብሽው፤ ቁጥሩን ያበላሸው የኔ እጅ ነው።»

ልጅቷ ሳጥኗን አነሳቻት፤ ገለባበጠቻት፤ የተቀበረውን የፕላስተር ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ አገኘችው።

«ጠይቄህ ነበር» አለች። «ሐሙስ ዕለት ጠይቄህ ነበር።»

«ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፣ ቁጥሩ ሲቀየር ጠፍቶብኝ ነበር።»

«መቼ ትዝ አለህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። «ዳገቱ ላይ» አለ።

«ከመቆሙ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

ራሷን ነቀነቀች። ዐይኗ ደም ለበሰ እንጂ እንባ አልወጣትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ እሷ ራሷን ስታብጠለጥል፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ እያወቀ ዝም ብሏል፤ ይህን ሁለቱም እኩል ተረዱት። ጋሽ ፋሻን ልጁ እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም፤ ሊቀመጥም ሊወጣም አልቻለም። ኃላፊዋ ፋይሏን ብብቷ ሥር ይዛ በሩ ላይ የቆመችው በዚህ መሐል ነው። ከተባባሉበት ሰዓት በአምስት ደቂቃ ቀድማ መጥታለች።

«ወረቀቱን አምጥቻለሁ፣ ጋሼ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ልጅቷ አባቷን አላየችም። አልረዳችውም፣ አልከለከለችውም፤ የሚያደርገውን ለእሱ ተወችለት። ጋሽ ፋሻ እስክሪብቶውን ተቀበለና ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ተናገረ። አላሳመረውም፤ እንዲያውም አበላሸው፤ ከመሐል ጀምሮ ወደ ኋላ ሄደ፣ ስለ ብየዳው አወራ፣ ከዚያ ወደ ኢንጀክተሮቹ ተመለሰ። ‹ተፈተው ጸድተዋል› ብሎ የፈረመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ አነሰ፤ ግን አልዘለለውም። ኃላፊዋ ሳታቋርጠው ሰማች። ሲጨርስ ፋይሏን ዘጋች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒተኛው እያልን ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አንቺ፣» ወደ ልጅቷ ዞረች፣ «ጽሑፍሽን አጥፍተሽዋል?»

«አላጠፋሁትም።»

«እንግዲያው ተነሽ። ጭነቱ እንዳለ ነው። እርስዎ እዚሁ ይቆዩ።»

ቆየ። ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? አምስት ቁጥር ሾፌሩን፣ ኃላፊዋንና ልጁን ይዞ ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘውና ተመለሰ። መፍቻዎቹን ከግድግዳው አውርዶ አንድ በአንድ ጠረጋቸው፤ አንዳቸውም ቆሻሻ አልነበሩም። በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ ሚስቱ ጋ ደወለ፤ ሳትጠይቀው ሁሉንም ነገራት። ከወዲያ ማዶ የውሃ መፍሰስ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ምሳ በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

«እሰይ» አለችና ስልኩን ዘጋችበት።

ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ መጣበት። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር በዚያች አንዲት ቃል ትንሽ ተነቃነቀ። ያቺ ሴት ስትተወው ምን እንደምትመስል ያውቃል፤ ስልክ ዘግታበት ከሆነ አልተወችውም ማለት ነው።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የአምስት ቁጥር ድምፅ ከመንገዱ መጣ። ጋሽ ፋሻ ሳያየው በድምፁ ብቻ አወቀ፤ የሚያቃስት ሞተርና ያልተቸገረ ሞተር በጆሮ ይለያሉ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይሄኛው ደግሞ አይነጥቅም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ጠመዝማዛ መኖሩንም ረሳሁት» አለ። ሰዓቱ ከሦስት ቁጥር በአሥራ አምስት ሴኮንድ ብቻ ይሻላል፤ ሙቀቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ጭስም አልነበረም። ኃላፊዋ ፋይሏን ከፈተች፤ ወረቀቱ ላይ ሳጥን የሚለውን ሰርዛ ፕሮግራም ብላ በእጇ ጻፈችበትና ለልጅቷ ዘረጋችላት።

«ስድስቱንም አንቺ ትሠሪያቸዋለሽ። ሁለት ሁለት አድርጌ እልካለሁ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ፋሻ ዞረች። «የእርስዎን ነገር ለሥራ አስኪያጁ መናገሬ አይቀርም። ያችንም ወረቀት አወጣታለሁ።»

«ያውጧት» አለ። ቢያንስ ከእንግዲህ መቼ ትገኝ ይሆን ብሎ አይሰጋም።

ልጅቷ ፈረመች። አባቷን ደስ አለው፤ እውነተኛ ደስታ ነው፤ ለመናገር ግን መብት ያለው አልመሰለውም። ኃላፊዋ ሄደች፤ ሾፌሩም መኪናውን ይዞ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀሩ። እሱ የመዝጊያውን ቁልፍ ሊያመጣ ሲሄድ፣ እሷ ቢሮ ገብታ የጋራዡን መዝገብ አወጣች፤ አዲስ ገጽ ላይ ከፈተችውና ተቀመጠች። ይቅር አላለችውም ገና፤ ፊቷ ያስታውቃል። ግን ቦርሳዋን አላነሳችም።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

«ምኖቹ?»

«ከፍለው ያስገጠሙትን አይደለም። ሳይነገራቸው ጠቅልለህ የተውክባቸውን።»

ጋሽ ፋሻ ከፊቷ ያለችውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣሪያውን እያየ ማስታወስ ጀመረ። የአበባ ነጋዴዋ ቫን። የዳቦ ቤቱ ሚኒባስ፣ አሮጌው። የጡረተኛው መሐንዲስ ፒክአፕ፤ እሱ እንኳ ሁለት ጊዜ መጥቶ አመስግኗል። ልጅቷ ሳትፈርድ፣ አስተያየት ሳትሰጥ፣ የመኪናውን ዓይነት እየጠየቀች ትጽፋለች። አምስት ደረሰ። ስድስተኛው ላይ ቆመና ጢሙን ማሸት ጀመረ።

«ጨርስ» አለችው።

«ታላቅ ወንድሜ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «አጎቴ? ያ ‹ወንድሜ በእጁ የሠራልኝ ሞተር› እያለ በየለቅሶ ቤቱ ሰው የሚያደነቁረው?»

«እሱ።»

ልትቆጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጣትና ግንባሯን መዝገቡ ላይ ደፍታ ትከሻዋ እስኪርገበገብ ሳቀች። ጋሽ ፋሻ ለመሳቅ አልደፈረም፤ እስክትጨርስ ጠበቃት። ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና አለች።

«ነገ ከእሱ እንጀምራለን።»

«ይጮኻል።»

«ይጩህ። አንተ ትነግረዋለህ፣ እኔ ኮፈኑን እከፍታለሁ» አለችና የአጎቷን ስም ጽፋ ከጎኑ የነገውን ቀን ጨመረችበት።